እሑድ ጠዋት እንደ አዲስ ስለተቆጠረው ክንድ

ለክቡር አቶ ዱዌን ፕሪቸት፤
የብሬመር ፎርድ ታዳጊዎች ቤዝቦል ሊግ ቦርድ ፕሬዚዳንት፣ የቀይ ቀበሮዎች ቡድን ዋና አሰልጣኝ፣ የአቤቱታ ሰሚ ኮሚቴ ሰብሳቢ፣ እንዲሁም የመክሰስ መሸጫው ዳስ ቁልፍ ያዥ፤
ባሉበት።

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለተከበሩት ባለቤትዎና ለመላው ቤተሰብዎ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ ጤናዎ እንዴት እንደ ሰነበተ እጠይቃለሁ። በተለይም ቀኝ ክርንዎ ደኅና ነው ወይ? ማለዳ ሲነሡ ያለ ሕመም ይታጠፍልዎታል፣ ያለ ሕመምስ ይዘረጋልዎታል ወይ? አምላክ ክርንዎን ከክፉ ነገር ሁሉ፣ ከዝናብም ከቦርድ ውሳኔም እንዲጠብቅልዎ ዘወትር እጸልያለሁ።

ስሜ ኦሪን ሃቨርካምፕ ነው። እርስዎ ያውቁኛል፤ ይህ ደብዳቤ በሳምንታዊ ጋዜጣችን ላይ የሚወጣ ስለሆነ ግን ለማያውቁኝም ልናገር። በካውንቲው መንገድ ክፍል የበረዶ ጠራጊ መኪና ሾፌር ሆኜ ኖሬ ጡረታ የወጣሁ፣ ባለቤቴን ሊዮታን በሞት ካጣሁ ወዲህ ከልጄ ከማርላና ከእሷ ልጅ ከኮርቢን ጋር የምኖር ሰው ነኝ። ኮርቢን አሥራ ሁለት ዓመቱ ነው። የእርስዎ ቡድን ወርዋሪ ነው፤ እስካለፈው እሑድ ድረስ ነበር ማለት ይሻለኛል። ትምህርቴ ከሁለተኛ ደረጃ ስላላለፈ አጻጻፌ ለማዕረጎችዎ የማይመጥን ሆኖ ቢገኝ፣ ጉድለቱን በእውቀቴ ማነስ እንጂ በአክብሮቴ ማነስ እንዳይተረጉሙብኝ እለምናለሁ።

የምጽፈው ለማመስገን ነው። ምስጋናዬ ብዙ ስለሆነና እንዳይምታታብኝ ስለፈራሁ በቁጥር አስቀምጬዋለሁ።

አንደኛ፤ የመኸሩን ሊግ ከጨዋታነት ስላወጡልን አመሰግናለሁ።

እርስዎ ከመመረጥዎ በፊት የመኸር ቤዝቦል በዚህች ከተማ ምን ያህል ኋላ ቀር እንደነበረ ወጣት ወላጆች አያስታውሱ ይሆናል። ውጤት አይያዝም ነበር። ዋናው የውድድር ወቅት አልፎ በቆሎው ሲታጨድ ልጆቹ ሜዳ የሚወጡት ለመማር ብቻ ነበር። ወቅቱን ሙሉ አግዳሚ ላይ ሲቀመጥ የከረመው መሀል ገብቶ ይሞክራል፤ ኳስ የሚፈራው ልጅ አንድ ቀን ወርዋሪው የሚቆምበት ጉብታ ላይ ይወጣና ኳሷን ከአጥር በላይ ይልካታል፤ ሁሉም ይስቃል፣ ዱላውን ይዞ የሚጠብቀው መቺም ጭምር። ማን አሸነፈ ብሎ የሚጠይቅ ሽማግሌ አይጠፋም ነበር፤ ያ ሽማግሌ እኔ ነበርኩ፤ ልጆቹ ግን “እኛ መሰለኝ” ይሉና ወደ ትኩሱ ቋሊማ ይሮጡ ነበር።

እርስዎ መጡና ይህን ሥርዓት አልባነት አስቆሙልን። የነጥብ ሰንጠረዥ፣ ጥሎ ማለፍ፣ ግማሽ ፍጻሜ፣ ፍጻሜና ቁመቱ ከአንዳንዶቹ ተጫዋቾች የሚበልጥ ዋንጫ ሰጡን። ቀድሞ በጥቅምት ወር የሚያለቅስ ልጅ የምናየው ጉንፋን ሲይዘው ነበር፤ ዛሬ ግን ከእያንዳንዱ ጨዋታ በኋላ ቢያንስ አንድ ቡድን ሙሉ ያለቅሳል። ይህ ዕድገት ነው፤ ቦርዱም በዓመታዊ ንግግሩ ላይ ቢጠቅሰው ደስ ይለኛል።

ሁለተኛ፤ የልጅ ልጄን ተስፋነት ከእናቱም ከእኔም ቀድመው ስላወቁ አመሰግናለሁ።

እኛ ኮርቢንን የምናውቀው ካልሲውን የትም የሚጥል፣ እርግቦችን የሚወድ፣ የሒሳብ የቤት ሥራውን ቁርስ ላይ የሚሠራ ልጅ አድርገን ነበር። እርስዎ ግን ሜዳው አጥር ላይ ፎቶውን በትልቅ ሸራ አሳትመው ሰቀሉና ከሥሩ “የነገው ኮከብ” ብለው አስጻፉበት። ልጁ ልምምድ ሲሄድ በራሱ ፊት ሥር ያልፋል። ሸራው ከተሰቀለ ወዲህ ጥፍሩን መብላት ጀምሯል፤ ምናልባት ኮከቦች ሁሉ እንዲህ ያደርጉ ይሆናል፣ እኔ አላውቅም።

እዚህ ላይ ራሴንም መመርመር አለብኝ፤ ሌላውን ብቻ የሚመረምር ደብዳቤ አልወድም። ያንን ሸራ በስልኬ ፎቶ ያነሣሁት እኔ ነኝ። ፀጉር ቤት ውስጥ ለተሰበሰቡት ሁሉ አሳይቻለሁ፤ መንገድ ጠፍቶት አቅጣጫ ሊጠይቀኝ መኪናውን ላቆመ የሌላ አገር ሰው ጭምር አሳይቻለሁ። ሊዮታ ብትኖር ኖሮ ስልኩን ከእጄ ወስዳ ለሰውየው መንገዱን ታሳየው ነበር። ስለዚህ በዚህ ነጥብ ላይ ምስጋናውን እኩል እንካፈላለን፤ ወቀሳውም ካለ እንዲሁ።

ሦስተኛ፤ ቅዳሜ ማታ ስለሰጡኝ ቃል አመሰግናለሁ።

የግማሽ ፍጻሜው ጨዋታ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ተጀመረ። ኮርቢን ከመጀመሪያው ዙር ጀምሮ ወረወረ፤ ጥሩም ወረወረ። ቤዝቦል ለማይከታተል አንባቢ እንዲህ ነው ልበል፤ በዚህ ዕድሜ ያለ ወርዋሪ በአንድ ቀን ሊወረውር የሚችለው ኳስ ገደብ አለው። ገደቡ ላይ ሲደርስ ከጉብታው ይወርዳል፣ ከዚያም የተወሰኑ ቀናት ያርፋል። ደንቡ የወጣው የልጅ የክርን አጥንት ገና ያልጠና ስለሆነ ነው። ኮርቢን ገደቡ ጫፍ ላይ እንደደረሰ ሰማዩ ተቀደደ፤ ሸራ እየጎተትን ጉብታውን ሸፈንን፤ ጨዋታውም ካቆመበት በማግስቱ እንዲቀጥል ተወሰነ።

እኔና እርስዎ በመክሰስ ዳሱ ጣሪያ ሥር ተጠልለን ቆመን ነበር። ነገ ልጁ ይወረውር እንደሆነ ጠየቅሁዎ። ትከሻዬን መታ መታ አደረጉና፣ “ጋሼ፣ ኮርቢን ድርሻውን ጨርሷል። ነገ ሹራቡን ደርቦ አግዳሚ ላይ ቁጭ ብሎ የሱፍ ፍሬ ሲፈለፍል ነው የሚውለው” አሉኝ። እንዲህ ጥርት ያለ ቃል ከአንድ ፕሬዚዳንት አፍ መስማት ምንኛ መታደል ነው። እኔ ቃሉን ይዤ ቤቴ ገባሁ፤ እርስዎ ደግሞ፣ ኋላ እንደተረዳሁት፣ ደንቡን ይዘው ቤትዎ ገቡ።

ጨዋታው የሚቀጥለው ልክ በእሑድ አምልኳችን ሰዓት መሆኑን ሳይ ምንም አልተሰማኝም ብል እዋሻለሁ። ነገር ግን ቤተ ክርስቲያናችንንና ሜዳውን የሚለያቸው አንድ መንገድ ብቻ ስለሆነ፣ ቦርዱ ሁለቱን ጉባኤ በአንድ የመኪና ማቆሚያ ለማስተናገድ አስቦ ይሆናል ብዬ በበጎ ተረጎምኩት። ማርላ የሆስፒታሉ ወጥ ቤት ተረኛ ነበረች፤ ኮርቢንን የጓደኛው እናት ይዛው ሄደች። ቁጭ ብሎ ሊውል ነውና እኔም ያለ ሐሳብ ወደ አምልኮዬ ሄድኩ።

በየዓመቱ የቤተ ክርስቲያናችን ማሞቂያ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲለኮስ፣ በጋውን ሙሉ የተኛበት አቧራ ይቃጠልና አዳራሹ ይሸታል፤ ስለዚህ እየበረደንም ቢሆን መስኮቶቹን እንከፍታለን። ያን እሑድም ተከፍተው ነበር። እያንዳንዱ ሰው ኃጢአቱን በልቡ የሚናዘዝበት የጸጥታ ጊዜ ላይ ደርሰን፣ እኔም የራሴን ለመዘርዘር አንገቴን እንደደፋሁ፣ የሜዳው ድምፅ ማጉያ በመስኮቱ ገብቶ፣ ለቀይ ቀበሮዎች ወደ ጉብታው የሚወጣው የነገው ኮከብ ኮርቢን መሆኑን ለምእመናኑ ሁሉ አበሰረ። ወዲያው ከበሮ የበዛበት ዘፈን ተለቀቀ።

ክቡር ሆይ፣ ከልጅነቴ ጀምሮ በዚያች ቤተ ክርስቲያን ስቀመጥ ከአምልኮ መሀል ተነሥቼ ወጥቼ አላውቅም። ተቀምጬ ልጸልይ ወይስ ልነሣ እያልኩ አግዳሚውን ጨብጬ ስወዛወዝ፣ የልጄ እኩያ የሆነችው ፓስተር ኢምሆፍ ከመድረኩ ላይ ቀና ብላ አየችኝ።

“ጋሽ ኦሪን፣ ይሂዱ” አለችኝ፣ ሁሉም እየሰማ። “የእርስዎን እኛ እንጨርስልዎታለን።”

ሰው ሳቀ፤ እኔም ሳልፈልግ ሳቅሁ። ኃጢአቴን ጎረቤቶቼ ላይ ጥዬ በእሑድ ጫማዬ ጭቃውን እያቋረጥኩ አጥሩ ዘንድ ደረስኩ። ኮርቢን ከጉብታው ላይ አየኝና ዓይኑን ሰበረ። ክርኑ ከትከሻው በታች ወርዶ፣ ኳሷን እንደ ድንጋይ ከጎኑ እየወረወራት ነበር። የደከመ ልጅ እንደዚያ ነው የሚወረውረው፤ ይህን ደግሞ እኔን ያስተማሩኝ ባለፈው ዓመት የወላጆች ስብሰባ ላይ እርስዎ ነበሩ፤ ስለ ትምህርቱም አመሰግናለሁ።

አራተኛ፤ ስለ ሕግ ትንታኔዎ አመሰግናለሁ።

በአጥሩ ቀዳዳ የቅዳሜውን ቃልዎን ባስታውስዎ ሳይቆጡ፣ ድምፅዎንም ከፍ ሳያደርጉ አስረዱኝ።

“ጋሼ፣ ትናንት ትናንት ነው። ደንቡ በቀን ነው የሚለው። ዛሬ ሌላ ቀን ነው፣ ቆጠራው ከዜሮ ጀምሯል።”

“ቀኑ ሌላ ቢሆንም ልጁ ያው ልጅ ነው” አልኩዎ።

“ደንቡ ስለ ቀን ነው እንጂ ስለ ልጅ አያወራም” አሉኝ።

ይህን አባባል በመስታወት አስገብተው ቦርዱ በሚሰበሰብበት ክፍል ግድግዳ ላይ እንዲሰቅሉት በትሕትና ሐሳብ አቀርባለሁ። በቤተ ክርስቲያናችን በየማለዳው እንደ አዲስ ይሰጡናል ተብለን የተማርናቸው ስጦታዎች አሉ፤ የልጅ ክርን ግን ከመካከላቸው ሲጠራ ሰምቼ አላውቅም ነበርና አዲስ ነገር ተማርኩ። ደንቡ ያዘዛቸው የዕረፍት ቀናትስ የት ደረሱ ብዬ ስጠይቅ ደግሞ፣ ዕረፍት የሚቆጠረው ጨዋታው ሲያልቅ እንደሆነ፣ ጨዋታው ገና ስላላለቀም ዕረፍቱ ገና እንዳልጀመረ ገለጹልኝ። እንግዲህ ለውርወራ ሲሆን ዛሬ ሌላ ቀን ነው፤ ለዕረፍት ሲሆን ደግሞ ዛሬም ያው ትናንት ነው። እንዲህ ያለ ሊቅ በከተማችን ተገኝቶ ጊዜውን በልጆች ሊግ ማባከኑ ያሳዝነኛል፤ ቦታዎ ከዚህ በጣም ርቆ ያለ ይመስለኛል።

ይግባኝ የምለው ለማን እንደሆነ ስጠይቅም፣ የአቤቱታ ሰሚው ሰብሳቢ እርስዎ መሆንዎን አስታወሱኝ። አሰልጣኙ የጠየቀውን ፕሬዚዳንቱ ፈቀደ፤ ፕሬዚዳንቱ የፈቀደውን ሰብሳቢው አጸደቀ። ሦስት ባለሥልጣኖች አንድም ቃል ሳይከራከሩ ሲስማሙ በማየቴ በዚህ በተከፋፈለ ዘመን ልቤ ተጽናና።

አምስተኛ፤ ስለ ርኅራኄዎ አመሰግናለሁ።

ኮርቢን በኳሶቹ መሀል ክንዱን ማራገፍ ሲጀምር አዩና አዘኑለት። እንዲያርፍ ብለው ከጉብታው አወረዱትና ከመቺው ኋላ ቁጢጥ ብሎ ኳስ የሚቀበለው ተጫዋች አደረጉት። ለማያውቅ አንባቢ፣ ተቀባዩ ወርዋሪው የሚልካትን እያንዳንዷን ኳስ መልሶ ይወረውራታል፤ የተጋጣሚው ሯጭ ሳይታይ ወደሚቀጥለው ማረፊያ ሾልኮ ሊሮጥ ሲሞክር ደግሞ ባለ በሌለ ኃይሉ ሜዳውን አሻግሮ ይልካታል። ልጁ ያረፈው በዚህ ላይ ነው። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ በረዶ ስጠርግ ሞተር ሲግልብን መኪናውን አቁመን ቡና እንጠጣ ነበር፤ አሁን ሳስበው ዳገት እየነዳን ማሳረፍ ስንችል ስንት ጊዜ አባክነናል።

ቀይ ቀበሮዎች አሸነፉ። እንኳን ደስ ያለዎ።

ስድስተኛውን ነጥብ ጽፌው ነበር። ከጻፍኩት በኋላ እንደ ልማዴ ተንበርክኬ ስነሣ፣ ውሸት ባይኖርበትም ክፋት እንዳለበት ታየኝና ቀደድኩት። ስለ ባርኔጣዎ ነበር።

ሰባተኛ፤ ማክሰኞ ቤታችን ድረስ ስለመምጣትዎ አመሰግናለሁ።

ከዚያ በፊት የሆነውን ልናገር። ሰኞ ጠዋት ኮርቢን ኮርንፍሌክሱ ላይ ወተት በግራ እጁ ሊጨምር ሲል ጠረጴዛው ላይ ደፋው። ምነው ብዬ ስጠይቀው፣ “ግራዬን እያለማመድኩት ነው አባባ” አለኝ፤ ፈገግ ሊል ሞከረ። ቀኝ ክርኑ እንደ ዳቦ አብጦ ነበር። የሆስፒታሉ ሐኪም ራጅ አንሥቶ፣ አጥንቱ የሚያድግበት ጫፍ በመጎተት ብዛት ከቦታው ሊላቀቅ እንደጀመረ ለእናቱና ለእኔ በእርሳስ እየሣለ አስረዳን። እስከ መጋቢት ምንም ነገር እንዳይወረውር፣ አንድ ጨዋታ ቢጨመርበት ግን ቀዶ ጥገና እንደሚያስፈልገው፣ ከዚያም በኋላ ክንዱ ቀጥ ብሎ ላይዘረጋ እንደሚችል ነገረን። ማርላ ያንኑ ዕለት ደውላ ይህን ሁሉ ነገረችዎ።

እርስዎም በማግስቱ የዱባ ኬክ ይዘው መጡ። ባለቤትዎ የጋገሩት ኬክ በጣም ጣፋጭ ነበር፤ ይህንን ያለ አንዳች ሽሙጥ ነው የምጽፈው፣ እባክዎ ያድርሱልኝ። ወጥ ቤታችን ውስጥ ተቀምጠው፣ ሐኪሞች ሁልጊዜ ከሚገባው በላይ እንደሚጠነቀቁ፣ ቅዳሜ ፍጻሜው ላይ ከተማው በሙሉ እንደሚገኝ፣ ኮርቢን ከከበደው ሁለት ዙር ብቻ ቢወረውር፣ ቀሪውን ደግሞ በተቀባይነት ቢያርፍ እንደሚበቃ አጫወቱን። ማርላ አይሆንም ስትል፣ ወደ ልጁ ዞር አሉና፣ “ለምን ራሱ አይወስንም? ትልቅ ሰው ሆኗል እኮ፤ አይደል የኔ ኮከብ?” አሉት።

ኮርቢን እናቱን አየ፣ እኔን አየኝ። “እችላለሁ” አለ።

ክቡር ሆይ፣ ይህ ልጅ የመኝታ ሰዓቱን አይወስንም። የጥርስ ሐኪም ዘንድ መሄድና አለመሄዱን አይወስንም። በዚህ ሁሉ ላይ ነፃነቱን የነፈግነው ሰዎች፣ አጥንቱን ይሰብር ወይስ አይስበር የሚለውን እንዲወስን በአደራ ስለሰጡት ውለታዎን በምን እንደምንከፍል አናውቅም። እናቱና እኔ ግን ውሳኔውን ከእጁ ወሰድነው። ቅዳሜ አይጫወትም።

እርስዎ ከሄዱ በኋላ ኮርቢን ሳህኑን ሳይነካ ተቀምጦ፣ “አባባ፣ ካልወረወርኩ እኔ ምንድን ነኝ?” ብሎ ጠየቀኝ።

ተነሥቼ ሹካዎቹን ማጠብ ጀመርኩ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ይህን ጥያቄ ይዤ ነው የምነሣው። ሊዮታ ከሞተች ወዲህ እኔና ልጁ ያወራነው ሁሉ ስለ ውርወራ ነው። በሐዘናችን መሀል የተገኘች አንዲት ወሬ ስለነበረች ሁለታችንም ሙጭጭ አልንባት። የሚወረውራት ኳስ መቺው ዘንድ ስትደርስ ስንት ጣት ያህል ዝቅ እንደምትል አውቃለሁ፤ ምን እንደሚያስፈራው ግን አላውቅም፤ ጠይቄውም አላውቅ። እርስዎ ሸራውን ሰቀሉ፣ እኔ ሥሩ ቆሜ አጨበጨብኩ። ልጁ ከመወርወር ውጭ ምንም አይደለሁም ብሎ ቢያስብ ይህን ያስተማርነው በኅብረት ነውና ይህንንም ምስጋና ለብቻዎ ልሰጥዎ አልችልም።

እስካሁን የጻፍኩት ሁሉ ባይጻፍም ይቻል ነበር። የምጽፈው ስለሚከተለው ነው። ረቡዕ ልምምድ ላይ፣ ለቡድኑ ልጆች ሁሉ፣ ኮርቢን ፍጻሜውን እንደፈራና አያቱም እንደደገፉት፣ ዋንጫው ቢታጣ ምክንያቱ ማን እንደሆነ እንዲያውቁ ነግረዋቸዋል። ይህን የሰማሁት ከአንድ ሰው አይደለም፤ ከሦስት ወላጆች ነው። በማግስቱ በትምህርት ቤቱ አውቶቡስ ላይ ጎኑ የተቀመጠ ልጅ አልነበረም። አንዱ ከኋላ ሆኖ፣ “ኮከቧ ዛሬ አመማት እንዴ?” ሲል ሌሎቹ እስኪወርዱ ድረስ ሲስቁበት ሄዱ። ኮርቢን ይህን ለእኔ አልነገረኝም፤ ለእኔ ከማክሰኞ ወዲህ ምንም አይነግረኝም። ግድግዳ እያየ ይበላል፣ ግድግዳ እያየ ደኅና እደር ይላል። ለእናቱ ነው የነገራት፤ ነግሯትም ሲያበቃ፣ በሐኪሙ ቃል ላይ ተጨምሮ እኔን የሚያስጨንቀኝን ነገር ተናገረ፤ ማንም ሳያየው ጓሮ ወጥቶ ግድግዳው ላይ እየወረወረ ክንዱ ይችል እንደሆነ ሊሞክር ነው።

ስለዚህ ከምስጋናዬ መጨረሻ አንዲት ልመና አስከትላለሁ። ዋንጫውን አልጠይቅም፤ ደንቡ እንዲሻሻልም ዛሬ አልጠይቅም፤ ይቅርታም ቢሆን ለእኔ አያስፈልገኝም፤ እኔን የሚያስቀይመኝ ነገር ከእሑድ እስከ እሑድ አይቆይም። ቅዳሜ ጨዋታው ከመጀመሩ በፊት፣ ቡድኑን ሰብስበው፣ በገዛ አፍዎ፣ “ኮርቢን አልፈራም፤ ተጎድቷል፤ የተጎዳውም እኔ ከሚገባው በላይ ስላስወረወርኩት ነው” ይበሉላቸው። አሥራ ሁለት ልጆች ፊት የሚባል አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። የድምፅ ማጉያውን መጠቀም አያስፈልግዎትም፤ ቢጠቀሙት ግን መስኮቶቻችን አሁንም ክፍት ናቸው።

ይህን ቢያደርጉ ልጁ ጓሮ የሚወጣበት ምክንያት አይኖረውም። ባያደርጉት ግን፣ እኔ በርጩማዬን ጓሮው በር ላይ አድርጌ እቀመጣለሁ፤ እስከ መጋቢትም ቢሆን። ማውራትም እሞክራለሁ፤ ስለ እርግቦቹ እጀምራለሁ። ስለ እርግብ አንድም ነገር አላውቅምና ቢያንስ እሱ እኔን ያስተምረኛል።

ለከተማችን ልጆች ስላሳዩት መታከት የማያውቅ ድካም፣ ለሕግ ስላሳዩት ከሕጉም የበለጠ ታማኝነት፣ ለቀንና ለሌሊትም ስላበጁት አዲስ የቁጥር ሥርዓት ባርኔጣዬን አውልቄ፣ አሁንም ጭቃው ያልለቀቀውን የእሑድ ጫማዬን ገጥሜ ቆሜ፣ በጸሎቴም ስምዎን ማለዳና ማታ እያነሣሁ፣ ማለዳውን ከማታው እንደ ሌላ ቀን ሳልቆጥርብዎ፣

በታላቅ ትሕትና እሰናበታለሁ፤

ኦሪን ሃቨርካምፕ
ጡረተኛ፣ የማርላ አባት፣ የኮርቢን አያት

የተረሳ ነገር፤ ደብዳቤውን ላሽገው ስል በሩ ተንኳኳ። ከቡድኑ ልጆች መካከል ቤታችን የመጣው አንድ ልጅ ብቻ ነው፤ እሱም ልጅዎ ታነር ነው። ለኮርቢን የቤት ሥራውን ይዞለት መጥቶ፣ አጠገቡ ተቀምጦ ብስኩት ሲበላ አመሸ። እንዴት ያለ ጨዋ ልጅ አሳድገዋል። በልምምድ ላይ ከኮርቢን ይልቅ አጥብቆ እንደሚወረውር ሁሉም ስለሚያውቅ፣ በዚህ ሁሉ ጥሎ ማለፍ አንድ ጊዜ እንኳ ጉብታው ላይ ያልወጣው ለምን እንደሆነ ጠየቅሁት። አፉ ብስኩት እንደሞላ፣ “አባዬ አይሆንም ብሏል ጋሽ ኦሪን፤ ክንዴ ገና እያደገ ስለሆነ” አለኝ። ደንቡን አያውቁት ይሆናል ብዬ ስለጠረጠርኩዎ ይቅርታ ይደረግልኝ። ጥሩ አባት ነዎት። ሁለቱ ልጆች የተወለዱት በአንድ ዓመት፣ በአንድ ወር ነው።